የመዝገብ ዕዳ

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። ይህን ብሂል ከልጅነታችን ጀምሮ የምንሰማው ለጽሕፈት የተሰጠ ምስጋና አድርገን ነው። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ብርዕ ቀርጾ ለኖረ ሕዝብ ምስጋናው አይበዛበትም። ይሁን እንጂ ብሂሉን ገልበጥ አድርጎ ለተመለከተው ሌላም ነገር ይናገራል። በጽሑፍ ያለ የሚወረስ ከሆነ፣ በጽሑፍ የሰፈረ ስሕተትም አብሮ ይወረሳል። በጽሑፍ ያልሰፈረ እውነት ደግሞ ባለቤቱ በሞተ ዕለት አብሮት መቃብር ይወርዳል።

ዛሬ የማነሣው ታሪክ የአንድ ወታደርና የአንድ መዝገብ ታሪክ ነው። ወታደሩ ጥቁር አሜሪካዊው ሃምሳ አለቃ ኤድዋርድ ካርተር ነው። በሞተ በ34 ዓመቱ አገሩ ያላትን ከፍተኛ የጀግንነት ሽልማት፣ የክብር ሜዳይን ሰጠችው። ከዚያ ሦስት ዓመት ያህል ቆይታ ደግሞ ሦስት ተራ ሜዳዮችንና አንድ የታረመ የአገልግሎት መዝገብ ለቤተሰቡ አስረከበች። ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል ቢባል ብዙ ሰው የመጀመሪያውን እንደሚመርጥ አልጠራጠርም። እኔ ግን ሁለተኛው ይበልጣል ባይ ነኝ። ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት ከሥሩ መጀመር ይኖርብኛል።

ካርተር እ.ኤ.አ. በ1916 በሎስ አንጀለስ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጥቁር አሜሪካዊ፣ እናቱ ሕንዳዊት ነበሩ፤ ሁለቱም ወንጌል ሰባኪዎች። በዚህም ምክንያት ልጁ ያደገው በሕንድና በቻይና፣ በተለይም በሻንጋይ ነው። ከእንግሊዝኛ ሌላ ሕንድኛ፣ ቻይንኛና ጀርመንኛ ይናገር ነበር። በ1932 ጃፓኖች ሻንጋይን ሲያጠቁ፣ ገና ለአቅመ አዳም ሳይደርስ ከቤት ጠፍቶ ከቻይና ሠራዊት ጋር ተሰለፈ፤ ዕድሜው ሲታወቅ ወደ አባቱ መለሱት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት፣ ከአሜሪካ ሄደው ፋሺስቶችን ከተዋጉት በጎ ፈቃደኞች ጋር፣ በአብርሃም ሊንከን ብርጌድ ውስጥ ዘመተ።

እዚህ ላይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚታወስ ነገር አለ። ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ1935 አገራችንን በወረረች ጊዜ ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ለመዝመት ተነሣሥተው ነበር። የአገራቸው ሕግ ለባዕድ ጦር መመዝገብን ስለሚከለክል አብዛኞቹ ምኞታቸው ምኞት ሆኖ ቀረ። በማግሥቱ የሙሶሊኒ ጦር ፍራንኮን ለመርዳት ስፔን ሲገባ፣ ለኢትዮጵያ መዋጋት ያልቻሉ አንዳንዶቹ ያንኑ ጠላት በዚያ ግንባር ሊገጥሙት ሄዱ። የካርተርን መዝገብ ያበላሸው የስፔን ዘመቻ እንግዲህ ከእኛው ቁስል ጋር በአንድ ክር የተያያዘ ነው።

ካርተር በ1941 በአሜሪካ ጦር ሠራዊት ተቀጠረ። ወታደርነትን አስቀድሞ ያውቀው ስለነበር ዓመት ሳይሞላው ሃምሳ አለቃ ሆነ። ነገር ግን በዚያው ጊዜ፣ እርሱ ሳያውቅ፣ የሠራዊቱ የስለላ ክፍል በስሙ አንድ ሌላ ማኅደር ከፍቶ ነበር። በስፔን መዋጋቱ፣ ቻይንኛ መናገሩ፣ በባዕድ አገር ማደጉ ሁሉ ለጥርጣሬ በቂ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ሰውየው ሁለት መዝገብ ነበረው። አንደኛው የሚያየው፣ ማዕረጉና አገልግሎቱ የሚጻፍበት ነበር። ሁለተኛው የማያየው፣ ጥርጣሬ የሚጠራቀምበት ነበር።

በ1944 ወደ አውሮፓ ሲዘምት የተመደበው በስንቅና ትጥቅ ማመላለሻ የመኪና ሻምበል ውስጥ ነው። ያን ጊዜ የአሜሪካ ሠራዊት በዘር የተከፋፈለ ስለነበር አብዛኛው ጥቁር ወታደር መኪና ይነዳ፣ ዕቃ ያራግፍ፣ መንገድ ይጠግን ነበር እንጂ ጠመንጃ ይዞ ግንባር አይሰለፍም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጀርመኖች በአርደን ጫካ ታላቅ የመልሶ ማጥቃት ሲከፍቱ እግረኛው ጦር ሳሳ። አዛዦቹ ሳይወዱ በግድ ከጥቁሮቹ መካከል በፈቃዱ የሚዋጋ እንዲመዘገብ ጥሪ አደረጉ። ጥሪው ግን ዋጋ ነበረው፤ ባለ ማዕረግ የሆነ ሁሉ ማዕረጉን ጥሎ በተራ ወታደርነት መግባት አለበት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ጥቁር ሃምሳ አለቃ ነጭ ወታደር እንዳያዝ። እንዲያም ሆኖ ከሁለት ሺህ በላይ ጥቁር ወታደሮች ለግንባር ተመዘገቡ። ካርተርም ማዕረጉን ፈትቶ ገባ።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 23 ቀን 1945፣ በራይን ወንዝ ዳር በምትገኘው በሽፓየር ከተማ አጠገብ፣ ካርተር የተቀመጠባት ታንክ ከአንድ ትልቅ መጋዘን አቅጣጫ በባዙቃና በጠመንጃ ተኩስ ተመታች። ሦስት ወታደሮች አስከትሎ 140 ሜትር ያህል የሚሆን ገላጣ ሜዳ አቋርጦ መጋዘኑን ለማጥቃት ተነሣ። ከሦስቱ ሁለቱ ወደቁ፤ ሦስተኛው ክፉኛ ቆሰለ። ካርተር ብቻውን ቀጠለ። አምስት ጊዜ ቆስሎ መሬት ያዘ። ስምንት የጀርመን ወታደሮች ሊማርኩት ሲቀርቡ ስድስቱን ገደለ፤ የቀሩትን ሁለቱን ማረከና እነርሱን እንደ ጋሻ ከፊቱ አድርጎ ያንኑ ሜዳ ወደ ወገን ጦር ተመለሰ። ምርኮኞቹ የሰጡት መረጃ ለቀጣዩ ግስጋሴ ጠቀመ። ለዚህ ጀብዱ የላቀ አገልግሎት መስቀል ተሸለመ፤ ሲያገግምም ማዕረጉ ተመለሰለት። የላቀ አገልግሎት መስቀል በሠራዊቱ የሽልማት ተርታ ከክብር ሜዳይ ቀጥሎ ሁለተኛ ነው። በዚያ ጦርነት ከአራት መቶ ሠላሳ በላይ የክብር ሜዳይ ሲሰጥ፣ ካገለገሉት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጥቁሮች መካከል አንድም ሰው አልደረሰውም።

ጦርነቱ አበቃ። ካርተር ወታደርነት እንጀራውም ፍቅሩም ስለነበር በሠራዊቱ ቀጠለ። በ1949 የአገልግሎት ዘመኑ ሲያልቅ ለማደስ ፎርት ሉዊስ በሚባለው ሰፈር ቀረበ። አይቻልም ተባለ። ለምን ብሎ ጠየቀ። መልስ የለም። የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ኅብረት ጠበቃ ሳይቀር ጉዳዩን ይዞለት አቤት አለ፤ ያም ሆኖ የተከሰሰበት ነገር አልተነገረውም። በጥይት አምስት ጊዜ ተመትቶ ያልወደቀው ሰው ባላየው ወረቀት ተመትቶ ወደቀ። ከዚያ በኋላ በጎማ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቶ ልጆቹን አሳደገ። እ.ኤ.አ. በጥር 1963 በሳንባ ካንሰር ሞተ፤ ዕድሜው 46 ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ማንም አያውቀውም ነበር።

በ1993 የአሜሪካ ሠራዊት ራሱን ጠየቀ። ከአንድ ሚሊዮን ሰው መካከል አንድ ጀግና እንዴት ጠፋ? ይህን እንዲያጠኑ በሻው ዩኒቨርሲቲ በኩል ለታሪክ ተመራማሪዎች ሥራው ተሰጠ። አጥኚዎቹ ያገኙት መልስ የዘር አድልዎ ነው የሚል ነበር። ለሽልማቱ ይበቃሉ ያሏቸውን አሥር ወታደሮች አቀረቡ፤ ሰባቱ ተመረጡ። የጊዜ ገደቡ በሕግ ያለፈ ስለነበር ኮንግሬሱ ገደቡን ማንሣት ነበረበት። እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 1997 ፕሬዚዳንት ክሊንተን በዋይት ሀውስ ሰባቱን ሜዳዮች ሰጡ። ከሰባቱ በሕይወት የነበረው በኢጣሊያ ግንባር የተዋጋው ቬርነን ቤከር ብቻ ነበር። የካርተርን ሜዳይ ልጁ ተቀበለ። በማግሥቱም አፅሙ በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር በክብር እንደገና አረፈ።

ሁሉም ነገር የተፈጸመ ይመስል ነበር። ሜዳዩ ተሰጠ፣ መለከቱ ተነፋ፣ ባንዲራው ታጠፈ። አንዲት ሴት ግን አልረካችም። የካርተር ልጅ ሚስት የሆነችው አሊን ካርተር አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቀች። ይህ ሰው ይህን ያህል ጀግና ከነበረ፣ በ1949 ለምን አባረሩት? የሰውየውን የቆዩ ደብዳቤዎችና ወረቀቶች ማገላበጥ ጀመረች። የመረጃ ነፃነት ሕግን መሠረት አድርጋ የስለላ ማኅደሩን ጠየቀች። ለዓመታት ተዘግቶ የነበረው ሁለተኛው መዝገብ ተከፈተ። ውስጡ ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ አልነበረም። ካርተር ኮሙኒስት ስለመሆኑ ወይም አገሩን ስለመክዳቱ አንድም የተረጋገጠ ነገር አልተገኘም።

በ1999 ክረምት ክሊንተን ለቤተሰቡ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፉ። ሜዳዩን በሰጡበት ዕለት ነገሩን አውቀው ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜውኑ በአካል ይቅርታ ይጠይቁ እንደነበር ገለጹ። በዚያው ዓመት ኅዳር ውስጥ በፔንታጎን በተደረገ ሥነ ሥርዓት የሠራዊቱ ምክትል ኤታ ማዦር ሹም የታረመውን መዝገብ ለቤተሰቡ አስረከቡ። ከመዝገቡ ጋር ሦስት ሜዳዮች ነበሩ። አንዱ ለአሜሪካ ዘመቻ፣ አንዱ ድል የተደረገውን አገር ለማስተዳደር ለቆየው ጦር፣ ሦስተኛው ደግሞ የመልካም ጠባይ ሜዳይ።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ በመጨረሻው ላይ ትንሽ እንቆይ። የመልካም ጠባይ ሜዳይ በአሜሪካ ሠራዊት ውስጥ ትንሽ ነገር ነው። ነቀፋ ሳይገኝበት የአገልግሎት ጊዜውን የጨረሰ ተራ ወታደርም ሆነ መኮንን ያልሆነ ባለ ማዕረግ ያገኘዋል። ማንም ጋዜጣ አይጽፍለትም። የአገሩን ከፍተኛ የጀግንነት ሽልማት ያገኘው ሰው ግን ይህች ትንሽ ሜዳይ ጎድላው ነበር። የጎደለችውም ምንም ባለማድረጉ ሳይሆን፣ ያላደረገው ነገር ስለተጻፈበት ነው። የክብር ሜዳይ «ይህ ሰው ጀግና ነበር» ይላል። የመልካም ጠባይ ሜዳይ «ይህ ሰው ታማኝ ነበር» ይላል። ካርተር አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ከ1949 እስከ ሞተበት ቀን፣ የተራበው ሁለተኛውን ቃል ነበር። ጀግንነቱንማ ራሱም፣ ጓዶቹም ያውቁት ነበር።

ሽልማትና እርማት የተለያዩ ነገሮች ናቸው የምለውም ለዚህ ነው። ሽልማት የሰጪው ቸርነት ነው፤ የሰጠ ይመሰገናል። እርማት ግን ዕዳ ነው፤ የከፈለ ዕዳውን አወረደ እንጂ አይመሰገንም። ሽልማት ሲሰጥ መንግሥት ስለ ወታደሩ ይናገራል፤ መዝገብ ሲያርም ግን ስለ ራሱ ይናገራል፤ «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ይላል። ሜዳይ መስጠት ለመንግሥታት የማይከብዳቸው፣ ማረም ግን የሚከብዳቸው ስለዚህ ይመስለኛል።

ነገሩ የካርተር ብቻ እንዳይመስል ስለ አሠራሩ ጥቂት ልበል። በአሜሪካ የአንድ ወታደር መዝገብ እንዲታረም ቀድሞ ለእያንዳንዱ ሰው ኮንግሬሱ የተለየ ሕግ ማውጣት ነበረበት። በ1946 በወጣ ሕግ መሠረት ይህን የሚመለከቱ የሲቪል ቦርዶች ተቋቋሙ። የቀድሞ ወታደር ወይም ወራሹ ቅጽ ሞልቶ፣ ማስረጃ አያይዞ ያመለክታል። ስሕተቱ ከታወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ ማመልከት ይገባል፤ ቦርዱ ግን ለፍትሕ ሲባል ገደቡን ማለፍ ይችላል። ዋናው ችግር ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ቦርዱ ጉዳዩን ማየት የሚጀምረው «መዝገቡ ትክክል ነው» ከሚል ግምት ተነሥቶ ነው። ስሕተት መኖሩን የማስረዳት ሸክም ያለው በአመልካቹ ላይ ነው። ሽማግሌው እዚያ ሜዳ ላይ እንደነበረ ያውቃል፤ ወረቀቱ ግን አልነበረም ይላል። ከሁለቱ አስቀድሞ የሚታመነው ወረቀቱ ነው።

ወረቀቱ ራሱ የጠፋበትም ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 1973 በሴንት ሉዊስ ከተማ አጠገብ የሚገኘው የወታደሮች መዝገብ ቤት ተቃጠለ። እሳቱ ለቀናት ነደደ። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርስ የግል ማኅደር ወደመ። ከ1912 መጨረሻ እስከ 1960 መባቻ ከጦር ሠራዊቱ ከተሰናበቱት ወታደሮች ማኅደር 80 በመቶ ያህሉ በዚያ ጠፋ። ቅጂ አልነበረውም። የሁለቱ የዓለም ጦርነቶችና የኮርያ ዘማቾች ታሪክ በአንድ ሕንጻ ጣሪያ ሥር አመድ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የአንድን ሽማግሌ የአገልግሎት ታሪክ መልሶ ለማቆም ከሌላ ቦታ መልቀም ግድ ሆነ። የደመወዝ መክፈያ ሰነድ፣ የሻምበሉ የየዕለት የሰው ኃይል መግለጫ፣ የሆስፒታል መዝገብ፣ የክፍለ ጦሩ ትእዛዝ፣ በሕይወት የተረፈ ጓድ ቃል፣ ሚስት በሣጥን ያስቀመጠችው ደብዳቤ ሁሉ ማስረጃ ይሆናል። እንደ ተቀደደ ብራና ቁራጩ ከቁራጩ ጋር እየተገጠመ ሰውየው እንደገና ይጻፋል።

አንዳንዱ ደግሞ የሚገባው ሜዳይ መኖሩን እንኳ ሳያውቅ ኖሯል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእግረኛ ተዋጊነት ባጅ የተሰጣቸው ወታደሮች የነሐስ ኮከብ ሜዳይ እንዲገባቸው በ1947 ተወስኖ ነበር። ሜዳዩ ግን ለሚያመለክት እንጂ ቤት ድረስ የሚመጣ አልነበረም። ብዙዎቹ በዚያ ጊዜ ሠራዊቱን ትተው፣ እርሻቸው ላይ ወይም ፋብሪካ ውስጥ ነበሩ። ልጆቻቸው ከሞታቸው በኋላ ወረቀት ሲያገላብጡ ነው የጎደለውን የሚያገኙት። ሃምሳ ዓመት ዘግይቶ በፖስታ የሚመጣ ሜዳይ ለማን ደረት ነው? ይህ ጥያቄ ቀልድ ይመስላል፤ ለሚቀበለው ልጅ ግን ቀልድ አይደለም። አባቱ በዝምታ ያለፈውን ነገር መንግሥት በፊርማ ሲመሰክርለት፣ ዝምታውን እንደገና ይተረጉመዋል። ልጁ «አባቴ አይናገርም ነበር» ሲል የኖረው ሁሉ «አባቴ ይህን ተሸክሞ ነበር» ወደሚል ይለወጣል።

እኛስ? በእኛ አገር ይህ ታሪክ እንግዳ አይደለም። በ1933 ዓ.ም. ከድል በኋላ ለአርበኞች የተሰጠውን ሜዳይ የምናስታውስ እናስታውሳለን። አምስቱን ዓመት በዱር በገደሉ ለተጋደለ ሰው ባለ አምስት ዘንባባ ይሰጥ ነበር። ግን ደግሞ ከእውነተኛው አርበኛ ይልቅ አፈኛው ተሸለመ፣ ባንዳው ሹመት አገኘ የሚለው ምሬት በዘመኑ ሰዎች አንደበትም ሆነ በሥነ ጽሑፋችን ውስጥ ሳይደርቅ ኖሯል። ምስክር ያቀረበ ሰው ሜዳይ አገኘ፤ ምስክሮቹ አብረውት የተዋጉና የሞቱ እንደሆነ ግን ለማን ይነግራል? ቆራጡ ሰው ብዙውን ጊዜ ምስክር የሌለው ሰው ነው፤ ምክንያቱም ሌሎች ሁሉ ሲወድቁ እርሱ ፊት ነበር።

ወደ ኮርያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችንም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ተራ በተራ ሄደው፣ ከአሜሪካ ሰባተኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፈው፣ ከመቶ ሃያ በላይ ሰው ሰውተው፣ አንድም ምርኮኛ ሳይተዉ ተመለሱ። በጃንሆይ ዘመን በክብር ተቀበሏቸው። በደርግ ዘመን ግን ኮሙኒስቶችን መውጋታቸው እንደ ነውር ተቆጠረ፤ ትናንት በአደባባይ የሚደረግ ሜዳይ ዛሬ ከሣጥን ሥር የሚደበቅ ሆነ። የካርተርና የእነርሱ ዕጣ ፈንታ በመስተዋት እንደሚታይ ምስል ግራና ቀኙ ተለዋውጦ አንድ ነው። እርሱን ኮሙኒስት ነህ ብለው ዘጉበት፤ እነርሱን ኮሙኒስት ወጋችሁ ብለው አገለሏቸው። ወታደሩ የተዋጋው አንድ ጊዜ ነው፤ መዝገቡ ግን መንግሥት በተለወጠ ቁጥር እንደገና ይዋጋዋል።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚል ሌላ ብሂልም አለን። ንጋት ያለማንም እርዳታ ይጠራል፤ ፀሐይ ማመልከቻ አትጽፍም። እውነት ግን ብቻዋን ስትጠራ አላየሁም። አንድ ሰው ተቀምጦ ካላገላበጠ፣ ደብዳቤ ካልጻፈ፣ «ፋይሉ የለም፣ ነገ ተመለሱ» ሲባል ካልተመለሰ፣ እውነት ባደረ ቁጥር አቧራዋ ይጨምራል። የካርተርን እውነት ያጠራችው ጊዜ አይደለችም፤ አሊን ካርተር ናት። እርሷም ተመራማሪ ወይም ጠበቃ አልነበረችም። የባሏ አባት ለምን አዝኖ እንደሞተ ማወቅ የፈለገች አንዲት ምራት ነበረች።

ስለዚህ እያንዳንዳችን ቤት ውስጥ ያለችውን ያችን ሣጥን እናስባት። አያት የዘመተበት ደብዳቤ፣ የደበዘዘ ፎቶግራፍ፣ ሪባኑ የነተበ ሜዳይ፣ ማኅተሙ የማይነበብ የምስክር ወረቀት ያለባትን። ሽማግሌው በሕይወት ካሉ ዛሬ እንጠይቃቸው፤ የጦሩን ስም፣ የቦታውን ስም፣ ከጎናቸው የወደቀውን ሰው ስም እንጻፍላቸው። በቃል ያለው እስኪረሳ ድረስ ያለን ጊዜ አጭር ነው።

በ1963 የሞተው ኤድዋርድ ካርተር የታረመውን መዝገብ አላነበበውም። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ግን አንብበውታል። ከእንግዲህ የሚወርሱት እርሱን ነው።